ለሉቭር ደላላ አያስፈልግም

ፓሪስ ሄዶ ሉቭርን፣ ያን ዱሮ ቤተ መንግሥት የነበረ ሙዚየም፣ ለማየት ያሰበ ሰው ካለ፣ የባንክ ካርዱን ከማውጣቱ በፊት ይህን ያንብብልኝ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ኢንተርኔቱ ስለ ሞና ሊዛ ፈገግታ ሲያወራ ይውላል እንጂ፣ በሩ ላይ ስለሚጠብቃችሁ ጣጣ ትንፍሽ አይልም።

መንገዱ ቀላል ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ስለሆነ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ብንጓዝ ፓሪስ ነን። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችበት የሸንገን ቪዛ እዚያም ያስገባል። በሜትሮ መስመር 1 ወይም 7 ሄዳችሁ «ፓሌ ሮያል» ስትወርዱ ከሙዚየሙ ሥር ናችሁ። ሆቴል እንደ አቅም ነው።

እናቴን ወደ ሉቭር የሳባት የሥዕል ፍቅር አይደለም። ቲርሐቅ ነው። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 37 ላይ፣ የአሦር ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ሲያስጨንቅ «ሊወጋህ መጣ» የተባለበት የኢትዮጵያ ንጉሥ። ሐውልቱ ሉቭር ውስጥ አለ ስላት ሳቀችብኝ። «ካላየሁ አላምንም» አለች።

ቲኬት በሙዚየሙ በራሱ ድረ ገጽ በሰዓት ተከፋፍሎ ይሸጣል። እኛ የሄድነው ዋጋው ለሁሉም 22 ዩሮ በነበረበት ጊዜ ነው። ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ ለሚመጣ ሰው 32 ዩሮ ሆኗል። ከአዲስ አበባም ከዱባይም የምትሄዱ ይህን አስቡበት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል።

ያሰብነው ሰኞን ነበር። ማክሰኞ ሉቭር ዝግ ነው። (ይህን ሳያውቅ መጥቶ በሩ ላይ የሚገተር ቱሪስት መዓት ነው።) ድረ ገጹን ስከፍት ሰኞ ሞልቷል። ጠዋትም የለም፣ ከሰዓትም የለም። ያን ጊዜ ነው ሌላ ድረ ገጽ ብቅ ያለው። ስሙን አልጠራም። «ያለ ሰልፍ፣ ከአስተናጋጅ ጋር፣ በዋስትና» ይላል። ለአንድ ሰው 68 ዩሮ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። እናቴ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የምትመጣው ብዬ ለሁለታችን ከፈልኩ።

የተላከልኝ ነገር ቲኬት አልነበረም። የቀጠሮ ወረቀት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)፣ ከመስታወቱ ፒራሚድ አጠገብ፣ የሉዊ 14ኛ የፈረስ ሐውልት ሥር፣ ብርቱካናማ ጃንጥላ የያዘ ሰው ፈልጉ ይላል። ቀድመን ደረስን። አደባባዩ ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ሞልቷል። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ነጠብጣብ ያለበት አለ። ብርቱካናማ የለም።

4 ሰዓት ሆነ። 4 ከሩብ ሆነ። የተሰጠኝ ስልክ ላይ ስደውል አንዲት ሴት አንስታ «አምስት ደቂቃ» አለችኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሜ ደወልኩ። አሁንም «አምስት ደቂቃ»። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሳው የለም።

ቦታው ጥላ የለውም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ከሐውልቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ ወዲያ ወዲህ ስል አይታ፣ «ቤተ መንግሥት አይደል እንዴ ልጄ? ደጅ ሳይጠና የሚገባበት ቤተ መንግሥት የት አለ?» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ግን አንጀቴ እያረረ ነበር።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ብርቱካናማው ጃንጥላ መጣ። ሃያ የሚሆን ሰው ተከትሎታል። ወጣት ልጅ ነው። ጃንጥላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ የስልኩን ዝርዝር በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ይገፋል። «ስማችሁ የለም» አለኝ። ወረቀቴን አሳየሁት። አንገቱን ነቀነቀ። እነዚህ ሰዎች ከሌላ ድርጅት ነው የሚገዙት፣ ያኛው ደግሞ ከእኛ ይገዛል፣ ለዛሬ ግን ምንም አልላኩልንም አለኝ። በሌላ አነጋገር ደላላ አለ፣ የደላላው ደላላ አለ፣ መጨረሻ ላይ ይህ ልጅ አለ። ቲኬት ግን አንዳቸውም ጋ የለም።

ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በእጃችን ለየራሳችን 40 ዩሮ ብንጨምር «ሊያመቻችልን» ይችላል። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። በአማርኛ የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። እናቴ ክንዴን ይዛ «ተው፣ ሰው ያየናል» ባትለኝ ኖሮ አልመለስም ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ፍተሻው በር ድረስ ሄድኩ። ጠባቂው ጨዋ ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ፣ ይህ እዚህ አይሠራም፣ የሚሠራው ቲኬት ብቻ ነው አለኝ። ሌላም ነገር ነገረኝ። «ያለ ሰልፍ» የሚባለው የቲኬት መግዣውን ሰልፍ ነው እንጂ የፍተሻውን አይደለም። ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ ቲኬት የገዛ ሰው ደግሞ ሲጀመርም የቲኬት ሰልፍ የለበትም። ታዲያ ያ 68 ዩሮ የምን ዋጋ ነው? የአየር!

ገንዘቤን መልሱ ብዬ ጻፍኩ። ምላሹ በደቂቃ መጣ፤ ለዚህስ ፈጣኖች ናቸው። «በቀጠሮው ቦታ ስላልተገኛችሁ ገንዘብ አይመለስም።» ደግነቱ እናቴን ሐውልቱ ሥር ፎቶ አንስቻት ነበር፣ ሰዓቱም ፎቶው ላይ አለ። ያንን ብልክም መልሱ ያው ነው። ቃል በቃል።

ማታ ሆቴል ቁጭ ብዬ የሙዚየሙን ድረ ገጽ እንደገና ከፈትኩ። ረቡዕ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታ አለ፣ በ22 ዩሮ! ሉቭር ረቡዕና አርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። በሌላው ቀን 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሰው ሁሉ ጠዋት ሂዱ ይላል። እኔ ደግሞ ማታ ሂዱ እላለሁ። የቡድን ጎብኚው እራቱ ላይ ነው፣ እግር መዘርጊያም ይገኛል።

መሐል ላይ የቀረችውን ማክሰኞ በኬ ብራንሊ ሙዚየም አሳለፍናት። እሱ የሚዘጋው ሰኞ ነው። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እዚያ ናቸው። በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከግድግዳው አንስተው፣ በምትኩ ቅጂ ለጥፈው የወሰዷቸው። እናቴ አማተበችና «እነዚህስ የማን ናቸው ብለው ነው?» አለች። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ እዚህ አልገባበትም።

ረቡዕ ማታ በፒራሚዱ አልገባንም። ቲኬት የያዘ ሰው ሁሉ ወደዚያ ነው የሚመራው። እኛ ካሩሰል በሚባለው፣ ከመሬት በታች ባለው መግቢያ በኩል ገባን። ፀሐይም ዝናብም የለበትም። ጉልበት ለሚያማቸው መታወቂያ አስይዞ ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳሉ። እናቴ «ገና በእግሬ ነኝ» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ዓይኗን ሳይ ግን ወንበሩን ሳትመኝ አልቀረችም።

ካርታው ላይ ሞና ሊዛ ጎልታ ትታያለች፣ ቀስቱም ሁሉ ወደ እሷ ነው። አትከተሉት። እኛ መጀመሪያ የሄድነው ሱሊ ወደሚባለው ክንፍ ነው። ከታች የ1190ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምሽጉ ግንብ መሠረት አለ። ሉቭር ቤተ መንግሥት ከመሆኑ በፊት ምሽግ ነበር፤ በመሠረቱ ዙሪያ፣ ዱሮ ውኃ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ በእግር ትሄዳላችሁ። የግብፅ ክፍሎችም በዚሁ ክንፍ ናቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሁሉም ክፍል በየቀኑ አይከፈትም። የምትፈልጉት ክፍል የሚዘጋበትን ቀን ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ።

ቲርሐቅ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ቁመቱ ስንዝር ቢሆን ነው። ንጉሡ ከነሐስ ተሠርቶ በጉልበቱ ተንበርክኳል፣ በሁለት እጁ ሁለት ትንንሽ ክብ የወይን ጽዋ ይዟል። ፊት ለፊቱ ከእሱ የሚበልጥ፣ ወርቅ የለበሰ ጭልፊት ቆሟል። ሄመን የሚባል የግብፅ አምላክ ነው። ግዛቱ ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር የነበረው ይህ የኩሽ (መጽሐፉ ኢትዮጵያ የሚላት) ንጉሥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ690 እስከ 664 ግብፅንም ገዝቷል። ይህን ሁሉ በኩራት ተረኩላት። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ብዙ አየችና፣ «ለወፍ ነው እንዴ የሚሰግደው?» አለች። ከዚያ በኋላ ቲርሐቅን አላነሳችልኝም።

የሞና ሊዛ ክፍል ላይ ተካሰች። ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት፣ ከመስታወት ኋላ፣ ከስልክ ጫካ ኋላ። እናቴ ገና ስትገባ ጀርባዋን ሰጠቻት። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ወደ አሥር ሜትር የሚሰፋ የቃና ዘገሊላ ሠርግ ሥዕል አለ፣ ሠዓሊው ቬሮኔዜ በ1563 እ.ኤ.አ. የጨረሰው። የናፖሊዮን ወታደሮች ከቬኒስ ገዳም ያመጡት ነው። ጌታችን መሐል ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ በቀኝ በኩል ቢጫ የለበሰ አሳላፊ ከትልቅ እንስራ ወይን ይገለብጣል። እናቴ አሳላፊውን በጣቷ እያሳየች ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችልኝ። አጠገባችን የቆሙ ሁለት ጃፓናውያን ቃሉ ባይገባቸውም ዞረው ሥዕሉን ማየት ጀመሩ።

ለመዝጋት ትንሽ ሲቀረው ሪሼልዩ ክንፍ ወዳለው የናፖሊዮን 3ኛ አዳራሽ ሄድን። ቀይ ከፋይ፣ ወርቅ ቅብ፣ የሰው ቁመት የሚበልጥ ቻንደሊየር። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ ያ ክንፍ የገንዘብ ሚኒስቴር ቢሮ ነበር። ቤተ መንግሥት ገባሁ ለማለት የፈለገ ይህን እንዳያልፍ። ቅርጻ ቅርጹ ይቅርባችሁ ብል የሚቆጡኝ አሉ፣ ግን ለእኔ በሁለት ሰዓት ተኩል ከዚህ በላይ ማየት ራስን ማድከም ነው።

ገንዘቡን በመጨረሻ ያስመለሰልኝ ባንኬ ነው። ፎቶውንና የደወልኩበትን ሰዓት ዝርዝር ልኬላቸው፣ ክፍያውን ተከራክረው መለሱልኝ። ስለዚህ የግድ ከደላላ የምትገዙ ከሆነ እንኳ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ በባንክ ማስተላለፍ በጭራሽ። ድርጅቱማ እስከ ዛሬ «ጉብኝትዎ እንዴት ነበር? ኮከብ ይስጡን» እያለ ኢሜይል ይልክልኛል።