እጅሽን ዘርጊላት

ልጆቹ ዛሬ ያለ ጭቅጭቅ ተኙ። ትንሿማ እራት ላይ ማንኪያዋን እንደያዘች ነው እንቅልፍ የወሰዳት። የኔም ወገብ ተቆርጧል። ግን ሳልረሳው ልጻፈው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮለር ስኬት፣ ጎማ ባለው ጫማ የሚንሸራተቱበት ቦታ፣ ወሰድኳቸው። ትልቁ 6 ዓመቱ ነው፤ ትንሿ 4 ከሞላት ጥቂት ወር ሆኗታል።

ችግሩ የጀመረው ከጫማው ነው። ለትንሿ አንድ ቁጥር የሚበልጥ መርጬላት ነበር። እግሯ ያድጋል፣ እስከዚያ ካልሲ እደርብላታለሁ ብዬ። ሹራብ ቢሆን ያስኬዳል። ሮለር ላይ ግን ተረከዟ ጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ መቆም እንኳ አቃታት። እዚያ የሚያሠለጥን ወጣት አይቶን መጣና በርከክ አለ። የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን፣ ተረከዙን ሳብ አደረገና «እህቴ፣ ይሄ ሰፍቷታል» አለኝ። ልኳን አመጣላት። ከዚያ ጫማውን ገልብጦ የጎማዎቹን ዳዶ በመፍቻ ትንሽ ትንሽ አጠበቀ። አንዱን ጎማ በጣቱ ሲያሽከረክረው ሁለት ዙር ሳይሞላ ቆመ። ለጀማሪ ከበድ ቢል ይሻላል አለ፤ ከእግሯ ሥር አያመልጣትም።

መንሸራተት ሊያስተምራቸው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ መጀመሪያ ያስተማራቸው መውደቅ ሆነ። ጉልበት አጠፍ፣ ወደፊት በጉልበት መከላከያው ላይ ዘፍ። ጎማ ጣታቸውን እንዳይረግጠው እጅ ጨበጥ። ለመነሳት ደግሞ መንበርከክ፣ አንድ እግር መትከል፣ ሁለቱን እጅ እዚያ ጉልበት ላይ አድርጎ ብድግ ማለት። ትልቁ ወዶት እየሳቀ ደጋግሞ ወደቀ።

የእጅ አንጓ መከላከያውን ልተወው ነበር። ሄልሜት አለ፣ የጉልበትና የክርን አለ፣ ይበቃል ብዬ። ሰው ሲወድቅ ግን ሳያስበው እጁን ነው የሚዘረጋው። ሮለር ላይ የእጅ አንጓ ስብራት የሚበዛውም ለዚሁ ነው። መከላከያው መዳፍ በኩል ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፤ ወለሉን ሲነካ ይንሸራተታል፣ አንጓውም ወደ ኋላ አይታጠፍም። ልጆቻችሁን ልትወስዱ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እሱን እንዳትተዉት።

አረማመዱ የዳክዬ ነው። ተረከዝ ገጠም፣ ጣት ከፈት። እግር ቀጥ ካለ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መግፊያ የለም። ትልቁ ቶሎ ገባው። ቆየት ብሎ ደግሞ ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ እንደሚታጠፍ ራሱ ደረሰበት። ጫማው ሥር እንደ መኪና ቦኮላ ያለ ላስቲክ አለ፤ እግር ሲያዘነብል ላስቲኩ ይጨመቅና ጎማዎቹ ወደዚያው ይዞራሉ። ጄምስ ፕሊምፕተን የሚባል አሜሪካዊ ነው ይህን በ1863 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ እንጂ ማጠፍ ከባድ ነበር። ልጄ ግን ማንም ሳይነግረው በእግሩ አገኘው፤ ፊቱን ብታዩት!

ትንሿ ጋ ስህተቱ የኔ ነበር። እጇን ጥብቅ አድርጌ ይዤያት ነበር። ሸርተት ባለች ቁጥር ወደ ላይ እጎትታታለሁ። ስጎትታት ክንዷ ይወጠራል፣ ጉልበቷ ይዘረጋል፣ ክብደቷ ተረከዟ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ እግሮቿ ወደፊት ይሮጡና በጀርባዋ ልትሄድ ትደርሳለች። ልጠብቃት ብዬ ወደ መጥፎው አወዳደቅ የምወስዳት እኔው ነኝ። አሠልጣኙ ከሩቅ ሲያየን ቆይቶ ኖሮ መጥቶ «እህቴ፣ እጅሽን ዘርጊላት። እሷ ትያዝሽ እንጂ አንቺ አትያዣት» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ መዳፌን በወገቧ ልክ ዘረጋሁላት። ከባድ ነው። መራመድ ከጀመረችበት ቀን ጀምሮ ሳትወድቅ መቅለብ የለመደ እጅ ነው፣ ዝም ብሎ መቆየት አልሆንልህ አለው። ሦስት እርምጃ ሄደችና ወደቀች። ቀና ብላ መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ነው። ሁሌ እንዲህ ነው፤ ማልቀስ አለማልቀሷን ከኔ ፊት ላይ ነው የምታነበው። «ውይ!» ልል አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩት። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጉልበቷ አየች። ተንበረከከች፣ አንድ እግሯን ተከለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከንፈሯን ነክሳ ተነሳች።

«እማዬ፣ አንቺ እዚሁ ቁሚ» አለችኝ። እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። በአጠገቤ አልፋ ግድግዳው ድረስ ሄደች።

አሁን ዕቃቸውን ልሰበስብ ስል የቀኝ እጇን መከላከያ አገላብጬ አየሁት። ፕላስቲኩ ላይ አራት ረጃጅም ጭረት አለ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ አንዱ ጥልቅ ነው። ገብቼ ብርድ ልብሷን ገለጥ አደረግኩና አንጓዋን ያዝኩት። ሙሉ ነው፣ ይሞቃል።