ከመጠይቁ በፊት መዝገቡን፦ የመረጃ ሥርዓት ጥናቴን የሠራሁበት መንገድ

በመረጃ ሥርዓት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያገኘው መንገድ የታወቀ ነው። አንድ ሶፍትዌር ይመርጣል፣ የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴልን ይወስዳል፣ መጠይቅ በትኖ የተሰበሰበውን በስታትስቲክስ ይተነትናል። እኔ በሌላ በኩል ሄድሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ርዕስ በመምረጥ ላይ ላለ ተማሪ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው ይህ የቅበላ ሞዴል፣ ሰው አዲስ ሥርዓት ለመጠቀም የሚነሣሣው ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምንና አጠቃቀሙ ቀላል ሆኖ ሲታየው ነው ይላል። ብዙ ነገር ያስረዳል። እኔ ላጠና የፈለግሁት ግን ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ማሰባሰቢያ ሶፍትዌር በሁለት ጤና ጣቢያዎች ያለውን አጠቃቀም ነበር። ይህ ሥርዓት መነሻው ደቡብ አፍሪካ ሲሆን ልማቱን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛም ጤና ሚኒስቴር ለመደበኛ ሪፖርት ይጠቀምበታል። እዚያ ያለ ባለሙያ «አልጠቀምም» ማለት አይችልም፤ የወሩ ሪፖርት መግባት አለበት። ምርጫ ለሌለው ሰው «ለመጠቀም ታስባለህ?» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ብዙም አያስተምረኝም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፦ በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥርና በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ለምን ይለያያሉ?

የሥነ ምግባር ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ እንደያዝሁ ቃለ መጠይቅ አልጀመርሁም። በቅድሚያ አንዲት ቁጥር መረጥሁ፤ የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ያደረጉ እናቶች ብዛት። ይህች ቁጥር ከአዋላጅ ነርሷ መዝገብ ተነሥታ ወደ ታሊ ወረቀት (በጭረት መቁጠሪያ)፣ ከዚያ ወደ ወርኃዊ ቅጽ፣ በመጨረሻም ወደ ኮምፒውተር እስክትገባ ድረስ ተከተልኋት። በየእጁ የሚሆነውን ጻፍሁ። መዝገቡ እናቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ ይሞላል፤ ታሊው ግን ወረፋው እስኪያልቅ ይቆያል፤ አንዳንዴም የወሩ መዝጊያ እስኪደርስ። አዋላጇ «ወንድሜ፣ ወረፋውን ታየዋለህ፤ እናቲቱን ላስቀድም ወይስ ወረቀቱን?» አለችኝ። ልዩነቱ የሚፈጠረው ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት እንደሆነ ያየሁት በዚህ ነው። ምንም ዓይነት የመጠይቅ ሠንጠረዥ ይህን አያሳየኝም ነበር።

ንባቡም ከዚያ በኋላ መልክ ያዘ። ላነበብሁት ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ጥያቄውን፣ ንድፈ ሐሳቡን፣ መረጃው ከማን እንደተሰበሰበና ያልተመለሰውን በአንድ ሠንጠረዥ እመዘግብ ነበር። ዴሎንና ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1992 አቅርበው በ2003 ያሻሻሉት የሥርዓት ስኬት ሞዴል የመረጃን ጥራትና የሥርዓቱን ጥራት ለይቶ ስለሚያይ ረድቶኛል፤ ሥርዓቱ ደህና ሆኖ መረጃው ደካማ ሊሆን እንደሚችል የማስረዳበትን ቃል ሰጠኝ።

ቃለ መጠይቁን ሳደርግ ክላይንና ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1999 ለትርጓሜያዊ ጥናት፣ ማለትም ሰዎች ለነገሮች የሚሰጡትን ትርጉም ለሚመረምር ጥናት፣ ካስቀመጧቸው ሰባት መርሆች አንዱን አጥብቄ ያዝሁ፦ አንድን ጉዳይ የተለያዩ ሰዎች በተለያየ መንገድ ይተረጉሙታል። ስለዚህ ስለ አንዱ ወር ሪፖርት አዋላጇንም፣ የመረጃ ባለሙያውንም፣ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊም ጠየቅሁ። ለኃላፊው ጉዳዩ የቸልተኝነት ነው፤ ለመረጃ ባለሙያው የመብራትና የኔትወርክ፤ ለአዋላጇ የሰው እጥረት። ማን ትክክል ነው ብዬ አልፈረድሁም። ሦስቱም አስተያየቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ነበር ሥራው የሚገባኝ።

የቃለ መጠይቁን የድምፅ ቅጂ በዚያው ምሽት ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አድካሚ ነው፤ ግን አይዘለል። የተናጋሪው ዝምታና የእጁ ምልክት ከአእምሮ ሳይጠፋ ይጻፋል። ትንታኔውን በአማርኛ ሠርቼ ወደ እንግሊዝኛ የመለስሁት በጽሑፉ የሚጠቀሱትን ንግግሮች ብቻ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌን በፈታኝ ፊት በተከላከልሁበት ዕለት ፈታኙ የጠበቅሁትን ጥያቄ አነሡ፦ «ሁለት ጤና ጣቢያ አገሪቱን ይወክላል?» አይወክልም አልኋቸው። የእኔ ክርክር በአገሪቱ ስንት ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ናቸው የሚል አልነበረም፤ መዝጋቢው በራሱ መዝገብና በሪፖርቱ መካከል ሁለት ጊዜ እንዲቆጥር በሚገደድበት ቦታ የመረጃ ጥራት እንዴት እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ነው። ሌላ ተመራማሪ ይህን ማብራሪያ ወስዶ በሆስፒታል ወይም በትምህርት ቤት ሊፈትነው ይችላል። ፈታኙም ይህችው ዐረፍተ ነገር በመደምደሚያው ምዕራፍ እንድትገባ አዘዙኝ፤ አስገባኋት።