የማይንጠባጠብ ቀዳዳ

አባቴ ላንድክሩዘሯን የሚያውቃት በድምፅ ነው። እግሩን ካመመው ወዲህ አይነዳትም። ግን ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ ቁልፉን ስንቴ እንዳዞርኩ ይቆጥራል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ቁጥሩ መጨመር ጀመረ። መጀመሪያ ሁለቴ፣ ከዚያ አራቴ። ኅዳር ሲገባ ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ ጎረቤት እስኪነቃ ድረስ ያጓራ ነበር። ስትነሳም እየተንዘፈዘፈች ትነሳና ግቢውን በነጭ ጭስ ትሞላዋለች። ዓይን የሚያቃጥል፣ ያልነደደ ናፍጣ የሚሸት ጭስ። ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ምንም እንዳልነካት ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ገና ቁልፉን ስነካው ነው የምትነሳው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1996 ሥሪት ናት። 80 የሚባለው ሞዴል። አባቴ ከጨረታ ነው የገዛት። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው፣ በኮምፒውተር የማይታዘዝ ናፍጣ። ቤት ውስጥ እንድነካካት ድፍረት የሰጠኝም ይኸው ነው። ጥቂት ቁልፍ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ፣ አንድ ቴስተርና ትዕግሥት ካለ ብዙ ነገር ይገኛል። ናፍጣና ቤንዚን የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ መኪና በእንክብካቤ ማቆየት ግድ ሆኗል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «የናፍጣ ፖምፓው ወርዶ ይታደስ» አለኝ። ዋጋው ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ነበር። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ እኔም ተሳሳትኩ። ጠዋት ብርድ አለ፣ ነጭ ጭስ አለ፣ እንግዲያው ከመነሳቷ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ማሞቂያ ካንዴላ ነው አልኩ። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ «እናት፣ ኦርጅናል ነው» ብሎ ስድስት አስታቀፈኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ስፈታና ሳስር ዋልኩ። በማግሥቱ ጠዋት ያው ማጓራት፣ ያው ጭስ። አሮጌዎቹን በቴስተር የለካኋቸው ያኔ ነው። ስድስቱም አንድ ኦም አካባቢ አነበቡ። ደኅና ነበሩ ማለት ነው። የተቃጠለ ካንዴላ ቢሆን ቴስተሩ ጭራሽ አያነብም። ይህን ለማወቅ ደግሞ መንቀልም አያስፈልግም ነበር። ስድስቱን የሚያገናኘውን የመዳብ ዘንግ ፈትቶ እያንዳንዱን እዚያው እንደተሰካ መለካት ይቻላል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። አጥሩ ጋ ቆመው ሲሰሙ ሰንብተው አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ናፍጣው ማታ የት ነው የሚያድረው?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ፊልትሮው ውስጥ ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አይተሽዋል?»

አላየሁትም። ቁጭ ብለው አስረዱኝ። በዚህች መኪና ላይ ናፍጣውን ከጋኑ፣ ከናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ገፍቶ የሚልክ ሌላ ፖምፓ የለም። ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፓ ራሱ ነው በፊልትሮው በኩል የሚስበው፤ ልክ ለስላሳ በስትሮ እንደምንጠጣው። ስትሮ ቢቀደድ ለስላሳው አይፈስም፣ አየር ነው የሚገባው። እዚህም እንደዚያው ነው። ከጋኑ እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ላይ ቀዳዳ ካለ ጠብ የሚል ናፍጣ ላይኖር ይችላል። መሬቱ ደረቅ፣ ቱቦው ደረቅ። ሌሊቱን ግን አየር በቀዳዳዋ እየገባ ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ጠዋት ፖምፓው የሚስበው አየር ነው።

ስለ ፖምፓውም አንድ ነገር ነገሩኝ። ያረጀ ፖምፓ ይበልጥ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲሞቅ ነው። ናፍጣው ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የተበላው ፖምፓ ውስጥም ሾልኮ ያመልጣል። የእኛዋ ግን ስትሞቅ ነው እንከን የማይገኝባት። ይህን ቀድሜ ባውቅ ጋራዡ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር።

በማግሥቱ ቁልፉን ሳልነካ ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ አለ። ጫን ጫን አደረግኩት። መጀመሪያ ባዶ ፊኛ የመጫን ያህል ልፍስፍስ ነበር። ወደ ሠላሳ ጊዜ ከገፋሁት በኋላ ጠንክሮ አውራ ጣቴን መለሰኝ። ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ጊዜ ተነሳች፤ ጭስም የለም። ከውስጥ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። «ምን አደረግሽ?»

ችግሩ አየር መሆኑ ታወቀ። ከየት እንደሚገባ ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። ጋሼ ግንበኞች ውኃ ልክ የሚያዩበትን፣ ውስጡ የሚታየውን የፕላስቲክ ቱቦ ግማሽ ሜትር እንድገዛ ላኩኝ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ጥቁር ቱቦ አውጥቼ ያንን በማጥበቂያ ቀለበት፣ በፋሸታ፣ አሰርኩት። ሞተሩን አስነስቼ የእጅ ባትሪ አበራሁበት። ወርቅማ ናፍጣ እየተንሸራተተ ያልፋል። በመሀሉ ደግሞ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ አረፋዎች አንድ በአንድ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየኋቸው። ሁለት ወር ያስጨነቀኝ ነገር ዓይኔ ሥር ነበር።

ቱቦውን ከፊልትሮው በፊት፣ ከጋኑ በሚመጣው መስመር ላይ አዛወርኩት። አረፋ የለም። እንግዲህ ከጋኑ የሚመጣው መስመር ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ፊልትሮው ወይም የታሰረበት ራስ ነው። ፊልትሮውን ዙሪያውን በጨርቅ አደረቅኩ፤ ሥሩ ላይ ነጭ ሶፍት ጠቀለልኩ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ የእጅ ፖምፓውን ገፋሁ። ይህ ዘዴው ነው። ሞተሩ ሲስብ ቀዳዳው አየር ያስገባል፤ በእጅ ሲገፋ ግን ናፍጣው ወደ ውጭ ይወጣል። ሶፍቱን ስፈታው የጥፍር ያህል ቦታ ረጥቧል።

ፊልትሮው ሥር ውኃ ሲጠራቀም ዳሽቦርድ ላይ መብራት የሚያበራ ሴንሰር አለ። ፊልትሮ ሲቀየር ሴንሰሩ ከአሮጌው ተፈትቶ አዲሱ ላይ ይታሰራል። መሀሉ ላይ እንዳያፈስ የሚይዝ ክብ ላስቲክ፣ ኦሪንግ፣ አለ። ፈትቼ መዳፌ ላይ አኖርኩት። ክብ መሆኑ ቀርቶ ተጠፍጥፏል። ላስቲክነቱ ጠፍቶ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ጎንበስ ሳደርገው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች።

እዚህ ላይ ነው ደብተሬን ያስታወስኩት። ፊልትሮውን የቀየርኩት መስከረም 22 ነው፤ ራሴ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ። አዲሱን ፊልትሮ አሰርኩ፣ አሮጌውን ኦሪንግ ግን መልሼ ተጠቀምኩበት። ችግሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አንድ ነገር ባሳየች ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ኪሎ ሜትርና የተነካውን ዕቃ እጽፋለሁ። የቺንጋውንም፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ እዚያው ይዣለሁ፤ የዚህ ሞተር የውስጥ ቺንጋ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

ኦሪንጉን ለመተካት መጀመሪያ የውኃ ቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ልሄድ ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ። ለውኃ ከሚሠሩት ላስቲኮች ናፍጣ ሲነካቸው የሚያብጡ አሉ። ናፍጣ የሚችለውን፣ አሮጌውን ናሙና ይዤ ሄጄ ገዛሁ። ዋጋው ከታክሲው አይበልጥም ነበር። ማረፊያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ፣ ኦሪንጉን ናፍጣ ቀብቼ በእጄ ብቻ አጠበቅኩት። የውኃ ልክ ቱቦውንም አወጣሁ። ለመመርመሪያ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ናፍጣና ሙቀት ያደርቁታል። የእጅ ፖምፓውን እስኪጠነክር ገፋሁ። በማግሥቱ አባቴ የቆጠረው አንድ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። አየር ለማስወጣት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የሚያላሉ አሉ። እዚያ ውስጥ ያለው ጫና ከ100 ባር ይበልጣል። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳ ለመፈለግ እጅ እንዳይጠጋ፤ ካርቶን ነው የሚያዘው።

በገና ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ይህ አካሄድ ሁለተኛ ጊዜ ጠቀመኝ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት ስንጀምር የሙቀት መርፌው ከፍ አለ። አብረውን የነበሩት ሁሉ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይወርዳል» አሉ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። ቤት ስንመለስ፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ራዲያተሩን ከፍቼ አስነሳሁ። አረፋ አልነበረም። ዘይቱም ወተት አልመሰለም። ጓርኒሲዮኑ ቢሆን ከሁለቱ አንዱን አይ ነበር። ስለዚህ ወደ ክዳኑ ዞርኩ። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት ያለ ውኃ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ላይ 0.9 የሚለው ቁጥር ክዳኑ የሚይዘው ጫና ነው፣ በባር። ያን ጫና ከያዘ ውኃው 110 እስኪያልፍ አይፈላም። የእኛው ክዳን ላስቲኩ ተበልቶ፣ ሞላው ላልቶ ነበር። ክዳን ቀየርኩ። ፋሲካ ላይ ያንኑ ዳገት ስንወጣ መርፌው ከመሀል አልተነቃነቀም።

አሁን ደግሞ የፊት ግራ ጎማ ውስጠኛው በኩል ቅባት ማየት ጀምሬያለሁ። የመሪው ጉልበት ላይ፣ ጎማው ወደ ጎን በሚዞርበት ቦታ፣ ያለው ክብ ብረት ረጥቧል። አባቴ ወንበሩን አውጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ጋሼም ካሁኑ ጠይቀውኛል። «የሚወጣው ግሪሱ ራሱ ነው ወይስ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶ አቅጥኖት ነው?» በጣቴ አሽቼ አሸተትኩት። የዲፈረንሻል ዘይት፣ ያ ድኝ ድኝ የሚለው ሽታ አለው። ዘይቱን ከግሪሱ የሚለየው የውስጥ ላስቲክ ማኅተም ይመስለኛል፤ ግን ዕቃ አልገዛሁም። ቅዳሜ ጎማውን አውርጄ ከፍቼ አየዋለሁ።