የ4 ደቂቃዋ ጉዳይ

ጎንደር ውስጥ ላለ አንድ ማሰልጠኛ የፈተና ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። በፓስካል (የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ነው)፣ በላዛረስ (ፓስካል የሚጻፍበት መሣሪያ)። «ዛሬም ፓስካል?» ብለው የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ። ይሳቁ። የማሰልጠኛው ኮምፒውተሮች ግማሾቹ ዊንዶውስ፣ ያረጁት ደግሞ ሊኑክስ ናቸው። ላዛረስ ላይ ያንኑ ኮድ ለሁለቱም ኮምፓይል አድርጌ እገላገላለሁ።

ፈተናው 60 ደቂቃ ነው። ፎርሙ (የፕሮግራሙ መስኮት) ላይ ቲታይመር፣ ማለትም በየተወሰነ ጊዜ የሚደውል ታይመር አስቀመጥኩ፤ ኢንተርቫሉን 1000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 1 ሰከንድ አደረግኩት። በደወለ ቁጥር ከ3600 ላይ አንድ ይቀንሳል። ቤት ስሞክረው እንከን የለውም። የሞከርኩት ግን 5 ደቂቃ ብቻ ነበር።

የፈተናው ቀን አንዷ ተፈታኝ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ የኔ አልቋል። የሷ ግን ገና 4 ደቂቃ ይቀረዋል።»

አብረው ነው የጀመሩት። ሄጄ ሳይ እውነቷን ነው። የሷ ሊኑክስ፣ የጎረቤቷ ዊንዶውስ። በስልኬ 4 ደቂቃ ቆጠርኩላትና ማታውን ሊኑክስን ስረግም አመሸሁ።

በከንቱ ነው የረገምኩት። ዊንዶውስ ላይ የታይመር መልእክት ወረፋ የሚደርሰው ሌላ ሥራ ሲጠፋ ነው። እያንዳንዱ ምት 15 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ እንኳ በ3600 ምት 54 ሰከንድ ይሆናል። የቀረው ጥፋት የራሴ ነበር። መልስ በተቀየረ ቁጥር ፕሮግራሙ በኔትወርክ ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፤ እስኪያስቀምጥ ፎርሙ ደርቆ ይቆያል። በዚያ መሃል ያለፉት ምቶች አይጠራቀሙም፤ አንድ ሆነው ይመጣሉ። ጎረቤቷ መልስ ስትሰርዝና ስትቀይር ነው የዋለችው። ያመነታ ሰው ጊዜ ይጨመርለታል ማለት ነው! ታይመር ቀስቃሽ ነው፤ እኔ ግን ቆጣሪ አድርጌው ነበር።

እሺ ብዬ ፈተናው የተጀመረበትን ሰዓት በናው (የኮምፒውተሩን ሰዓት በሚያነበው ትእዛዝ) መዝግቤ ከአሁኑ ሰዓት ላይ መቀነስ ጀመርኩ። በሚቀጥለው ዙር ፈተናው 15 ደቂቃ እንደሄደ አንዱ ስክሪን «6:45 ይቀራል» አለኝ፤ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማለት ነው። የአርባ አራቱ ታቦት ያለህ!

አስተባባሪው አጠገቡ ቆመዋል።

«ሰዓቱ ከጠዋቱ 8 ከ20 ይላል፤ ተሳስቷል ብዬ 2 ከ20 አደረግኩት» አሉኝ።

ምን ይባላል? በሐበሻ ሰዓት ልክ ናቸው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ማንም የሚነካው ነገር መሆኑን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ጌትቲክካውንት64 ወደሚባል ትእዛዝ ሄድኩ። ከፓስካሉ ጋር በሚመጣው ሲስዩቲልስ ውስጥ አለ፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ሚሊሰከንድ ይቆጥራል፤ ሰው የግድግዳውን ሰዓት ቢያዞር ግድ የለውም። (64ቷን አትርሷት። ያለሷ ያለው የ32 ቢት ቆጣሪ በ49.7 ቀን ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል።) ታይመሩ አሁንም አለ፤ በየ250 ሚሊሰከንዱ ቀስቅሶ የቀረውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያድሳል። ሌላ ሥራ የለውም።

በሦስተኛው ዙር መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ቆጠራውም እንደ አዲስ ተነሳ። አሁን የቀረው ጊዜ በየ10 ሰከንዱ ሰርቨሩ ላይ ይጻፋል። መብራት ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል፤ ተፈታኙም ቢበዛ 10 ሰከንድ ይመረቅለታል።