ነጥብ ያረፈባቸው ፊደሎች

ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር የሰፈሩ ልጆች የሩፋኤልን ጠበል ሊጠመቁ እየጮኹ ወጡ። እኔም ጥቂት ካየኋቸው በኋላ መስከረም 1 ቀን የጀመርኩትን የንባብ ደብተር አውጥቼ ገለጥኩት። ደብተሩ ያነበብኩትን መጽሐፍ ርእስ፣ የጀመርኩበትንና የጨረስኩበትን ቀን፣ ከዚያም አንድ ሁለት መስመር አስተያየት የማሰፍርበት ነው። በአምናው ደብተር 26 መጻሕፍት ተመዝግበው ነበር፤ የዘንድሮዎቹ 11 ብቻ ናቸው።

ለቁጥሩ ማነስ ዋናው ምክንያት ከኅዳር እስከ መጋቢት የቆየሁበት አንድ መጽሐፍ ነው። እናቴ በግላኮማ ምክንያት የዓይኗ ብርሃን እየደከመ ሄዶ ማንበብ ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዳዊቷን በቃሏ ስለምትደግም ለእሱ ዓይን አላስፈለጋትም፤ ነገር ግን አንድ ማታ ከእራት በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቢልኝ» አለችኝ። ሁለታችንም መጽሐፉን የምናውቀው በጆሯችን ነበር። እሷ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቤተሰቡ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ እንደነበር ታስታውሳለች፤ እኔም በልጅነቴ ትረካው ሲደገም ስለሰማሁት፣ መጽሐፉን እንዳነበብኩት አድርጌ እቆጥር ነበር።

እንዳላነበብኩት ያወቅሁት የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብዬ ማንበብ ስጀምር ነው። ከአንዳንዶቹ ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አለ። በመጀመሪያ የኅትመት እድፍ መስሎኝ በጣቴ ጠረግሁት፤ ኋላ ግን ነጥቡ ያረፈው በሚጠብቁት ፊደሎች ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ እንደማያሳይ ሁላችንም እናውቃለን። «ይሰማል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ራሱ ያዳምጣል፤ «ሰ» እና «ማ» ጠብቀው ሲነበቡ ግን የእሱን ድምፅ ሌላው ያዳምጠዋል። በዓይኑ ብቻ የሚያነብ ሰው በዐረፍተ ነገሩ አካሄድ እየተመራ ያልፈዋል፤ ለሌላ ሰው የሚያነብ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት መወሰን አለበት። ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያን ያህል ገጽ ያለው ልብ ወለድ ሲያሳትሙ ይህን ውሳኔ ለአንባቢው ሳይተዉ፣ በየቃሉ ላይ ራሳቸው ወስነው ማስቀመጣቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ከእሳቸው በኋላ ይህን ልማድ የተከተለ ጸሐፊ እምብዛም አለመኖሩም ያሳዝነኛል።

ትውልዷ ጎጃም የሆነው እናቴ ነጥቡን አታይም፤ ስሳሳት ግን ወዲያው ታውቃለች። «ጠበቅ አድርጊው፣ ልጄ» ትለኛለች፤ ተመልሼ ሳየው ነጥቡ እዚያው አለ። በአንድ ማታ ከስድስት ወይም ከሰባት ገጽ በላይ አንሄድም ነበር። ጉዱ ካሳ በሚናገርባቸው ገጾች ላይ ደግሞ «እስቲ ድገሚው» ስለምትል ከዚያም ያነሰ እንሄዳለን። በሬዲዮ ስሰማው ከሁሉም በላይ የቀረልኝ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነበር፤ ቃል በቃል ሳነበው ግን ያ ብልህ ሰው እንደ እብድ እየተቆጠረ ስለ አገሩ ሥርዓት የሚናገረው ነገር ምን ያህል ረጅምና ምን ያህል በጥንቃቄ የተገነባ እንደሆነ አየሁ። መጨረሻውን ሁለታችንም እያወቅነው፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ስንደርስ እናቴ «ለዛሬ ይብቃን» እያለች ሦስት ሳምንት አዘገየችው።

ከሌሎቹ መካከል በሮም በ1900 ዓ.ም. የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» በሁለት ማታ ጨርሼዋለሁ። የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ለብቻዬ በሦስት ቀን አነበብኩት፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ሳይታወቅ መቅረቱን እያሰብኩ ሳነበው፣ በየገጹ ስለ ሰውየው እሰጋ ነበር። ለእናቴ ላነብላት ብጠይቃትም «ያን ዘመን አልፌዋለሁ» ብላ እንቢ አለች፤ እኔም አልደገምኩባትም።

ከሰኔ ወዲህ የያዝነው የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ ነው። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ጀምሬው ቋንቋው ከብዶኝ ትቼው ነበር። ይህ መጽሐፍ ነጥብ የለውም። ስለዚህ እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ፤ እናቴ ባረመችኝ ቁጥር በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ትንሽ ነጥብ አደርግና ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አነብላታለሁ። ትናንት ማታ ያቆምነው 140ኛው ገጽ ላይ ነው።