በፋሲል መዋኛ የገጠመኝ የኖራና የሲሚንቶ ክርክር

ጎንደር ውስጥ ሕዝቡ ፋሲል መዋኛ ወይም ጥምቀተ ባሕር እያለ በሚጠራው ጥንታዊ ገንዳ ላይ በተካሄደ አነስተኛ ጥገና ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጥምቀት በተቃረበበት ሰሞን ከገንዳው ግድግዳ አንዱ ክፍል ውኃ እንደሚያሳልፍ ታወቀ። የተቋራጩ መሐንዲስም የተከፈተውን የድንጋይ መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ማልታ፣ ማለትም በድንጋይ ማያያዣ ድብልቅ፣ ደፍነን በጊዜው እንድናስረክብ ሐሳብ አቀረበ። ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ቀኑ አይበቃም የሚለው ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ያልተስማማነው በመፍትሔው ላይ ነው።

ትውፊት ገንዳውን እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ለነገሡት ለአፄ ፋሲለደስ ይሰጠዋል። ቦታው ከነገሥታቱ ግቢ ወጣ ብሎ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ሲሆን፣ ውኃውም ከወንዙ በቦይ ይመጣል። በገንዳው ውስጥ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት በቅስቶች ላይ ስለቆመ ገንዳው ሲሞላ ውኃው ከሥሩ ይገባል፤ ወደ ቤቱ የሚያስገባውም የድንጋይ ድልድይ ነው። መጀመሪያ ለምን ተግባር እንደታነጸ የሚከራከሩ አሉ፤ ለጥገና ባለሙያ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው፣ ገንዳው ለጥምቀት ተሞልቶ ከበዓሉ በኋላ ለረጅም ወራት ደረቅ ሆኖ መቆየቱ ነው። ግንቡ በየዓመቱ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያም ይደርቃል፤ ስለዚህ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ማልታ የገባውን እርጥበት መልሶ የሚያስወጣ መሆን አለበት። የኖራ ማልታ ይህን ያደርጋል። ሲሚንቶ ግን ከኖራ ይልቅ ጥቅጥቅና ግትር በመሆኑ እርጥበቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ እርጥበቱ ተሸክሞት የመጣው ጨውም በአጠገቡ ባለው ለስላሳ ድንጋይ ውስጥ ተከማችቶ ፊቱን ይልጠዋል። በጎንደር አብያተ መንግሥት ቅስቶችና መስኮቶች ዙሪያ የምናየው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከጥቁሩ ድንጋይ ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በከተማዋ ቅርሶች ላይ በሲሚንቶና በኮንክሪት ከተደረጉት ጥገናዎች አንዳንዶቹ በኋላ በኖራ እንዲተኩ የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም።

መሐንዲሱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማ በኋላ «ኢንጂነር፣ ይህ በወረቀት ላይ ያለ ነው፤ እኔ የምጠየቀው በውሉ ቀን ነው» አለኝ። ንግግሩን አልነቀፍኩም፤ ውሉን ያዘጋጁት ሰዎች የኖራን ጊዜ ጨርሶ አላሰቡበትም ነበርና። ስለዚህ ቀደም ብለን ለናሙና ካሠራናቸው፣ ከቅርሱ ውጪ ከወደቀ ቀይ ድንጋይ ከተገነቡ ሁለት ትንንሽ ግንቦች ዘንድ ወሰድኩት። አንዱ በኖራ፣ ሌላው በሲሚንቶ የተያያዘ ሲሆን ሁለቱንም በውኃ አርሰን ጥላ ውስጥ ተውናቸው። በኖራ የተያያዘው ወጥ ሆኖ ደረቀ፤ በሲሚንቶ በተያያዘው ላይ ግን ማልታው ነጥቶ ሳለ ከጎኑ ያለው ድንጋይ ዳር ዳሩን ጠቁሮ ቆየ። መሐንዲሱ ጣቱን በጠቆረው ድንጋይ ላይ አሳርፎ ቆየና፣ ሲሚንቶውን ትቶ ስለ ቀኑ ብቻ መነጋገር ጀመረ። እኔ ካስረዳሁት ሁሉ ይልቅ የጣቱ እርጥበት እንዳሳመነው እገምታለሁ።

የወሰንነው መገጣጠሚያውን ከበዓሉ በፊት ላለመንካት ነው። ገንዳው እንደነበረ ተሞላ፤ በስርቆሽ የሚወጣውንም ውኃ የቦዩን መግቢያ ጥቂት ከፍተን አካካስነው። በግድግዳው ላይ ተጠምጥመው የሚታዩትን የዛፍ ሥሮች ቆርጠን ስንጥቁን እንድንደፍን የቀረበውንም ሐሳብ አልተቀበልንም፤ የሞተ ሥር ሲበሰብስ በድንጋዮቹ መካከል ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል።

ጥገናው የተከናወነው ውኃው ከፈሰሰና ግንቡ ከደረቀ በኋላ ነው። ግንበኞቹ ኖራው ፀሐይ መትቶት እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ እየሸፈኑ በስስ ድርብርብ ሞሉት። ተቋራጩም ለቀጣዩ ሥራ ባቀረበው መርሐ ግብር የኖራውን ሥራ ክረምቱ እንደወጣ የሚጀመር አድርጎ፣ የመጠንከሪያውን ጊዜ ለብቻው በአንድ መስመር አስፍሮታል።