ሄሊኮፕተር የት ላይ ይቆረጣል?

የጅማ የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አመሸ፤ መብራትም ጠፋ። ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጄ የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ ወደ ሻማው ተጠጋች። እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ ተምራ ዘንድሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆኖባታል። «ፎቶሲንተሲስ» ላይ ስትደርስ ዓይኗ ዘልሎ ያልፋል።

እኔም በዕድሜዋ እንዲሁ ነበርኩ። መምህራችን እጃችንን አገጫችን ሥር አስደርገው አገጭ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ያስቆጥሩን ነበር፤ አንድ አናባቢ ድምፅ፣ አንድ ክፍለ ቃል። ፎ-ቶ-ሲን-ተ-ሲስ፣ አምስት። ማንበቡን ቻልኩ፤ ምን እንደማነብ ግን አላወቅሁም።

ለልጄ በሌላ ቢላ ቆረጥኩላት። ፎቶ በግሪክኛ ብርሃን ነው።

«የፎቶ ቤቱ ፎቶ?»

«እሱው። ፎቶግራፍ በብርሃን መጻፍ ነው።»

ሲን አንድ ላይ፣ ተሲስ ማኖር። ቅጠሉ በብርሃን ኃይል ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ገጣጥሞ ስኳር ይሠራል። ደብተሯ ላይ ሦስት መስመር የፈጀው ትርጉም ቃሉ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ሄሊኮፕተር ግን አሰናከለን። አፍ ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር ብሎ ይከፍለዋል። ሥሩ ግን ሄሊኮ፣ ጠምዛዛ፤ ፕተር፣ ክንፍ ነው። የአፍ ቢላ «ፕ»ን ከክንፉ ነጥቆ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። ልጄ «እንግሊዝኛ ተንኮለኛ ነው» ብላ ደብተሩን ገፋችው። ከዚያ ሰዓቱን አየችና፣ «እማዬ፣ አባዬ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ አልተመለሰም እንዴ?»

ያዝኳት! አል-ተ-መል-ለ-ሰም። «ለ» ጠብቆ ስለሚነገር ፊደሉ አንድ ቢሆንም አፍ ለሁለት ያካፍለዋል። በትርጉም ስንሄድ «አል» እና «ም» ግሱን ከፊትና ከኋላ አቅፈው ያፈርሱታል፤ «ተ» ደግሞ መለሰን ተመለሰ ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ ያለው «ሰም» ውስጥ «ሰ» የግሱ፣ «ም» የአሉታው ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ታስረዋል። የሄሊኮፕተሩ ተንኮል እኛም ቤት አለ። ይህን ስታይ ደብተሩን መልሳ ሳበችው።

ከዚያማ ያገኘችውን ሁሉ ትቆርጥ ጀመር። «የእንግሊዝኛው አን አሉታ ከሆነ አንክል ማን ያልሆነ ነው?» አለች። ሳቄ ሲበርድ፣ አንክል አጎት ብቻ ነው፣ «ክል» ለብቻው ስለማይቆም ቢላውን መልሺ አልኳት።

«ፕተርስ ለብቻው ይቆማል?»

አባቷ በሩን ሲያንኳኳ ገና መልስ እየፈለግሁ ነበር።